በሊትር ዘጠኝ ኪሎ ሜትር

ጥቅምት 8 ቀን

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፤

ይህ ደብዳቤ እጅሽ እስኪገባ ድረስ ያለውን ቀን ሁሉ በጤና ያሻግርሽ። እኛ ደህና ነን፤ እቴቴ ደህና ናት፤ ግቢው ደህና ነው። ደህና ያልሆነው መኪናው ብቻ ነው።

ስልክ ላይ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር። ግን ታውቂኛለሽ፣ ስልክ ስይዝ ከ«ደህና ነሽ ወይ» ወዲያ ሌላ ቃል አይመጣልኝም። ወረቀት ይሻለኛል።

መርጠሽና ፈትሸሽ በመርከብ ያስጫንሽልን ፒክአፕ እጄ ከገባ ስድስት ሳምንት ሆነው። ቁመናው ሌላ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አይቶታል። አናጢው ጓደኛዬ በሩን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋና «በደንብ የተገጠመ በር ነው» አለኝ። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምርቃት ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እሱ የሠራውን በርና መስኮት ሳመላልስ አንድ ቀን «ደህና አደረስክ» ብሎኝ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ስምንት ሲሊንደር ነው ብለሽኛል። ኮፈኑን ከፍቼ ቆጥሬያለሁ፤ ስምንት ነው። ከተማ ውስጥ ስነዳው ስምንቱም ይሠራሉ። ከከተማ ወጥቼ ሜዳው መንገድ ላይ ስደርስና መኪናው መንሸራሸር ሲጀምር ግን ግማሹ ሞተር ዝም ይላል። ልጄ፣ በጆሮዬ አትቀልጂ። ሰው «ፒስተን» ብሎ ስም ያወጣልኝ በከንቱ አይደለም፤ ደጄ ተቀምጬ በመንገድ የሚያልፍ መኪና የትኛው ካንዴላ እሳት መስጠት እንዳቃተው የምናገር ሰው ነኝ። አራቱ ይሠራሉ፣ አራቱ ይተኛሉ። አቁሜ ኮፈን ስከፍት ደግሞ ስምንቱም ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነው ይሠራሉ። ሙልጭ ያሉ አታላዮች ናቸው።

ሁለተኛው ጉድ ነዳጁ ነው። የላክሽልኝ ወረቀት «ከከተማ ውጭ በሊትር ዘጠኝ ኪሎ ሜትር» ይላል። እኔ እንደ ልማዴ ለካሁት። ሁልጊዜ አንድ ማደያ፣ ሁልጊዜ አንድ ቀጂ፣ አፉ ድረስ አስሞላለሁ፤ ሄጄ ተመልሼ እንደገና አፉ ድረስ አስሞላለሁ፤ ከዚያ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ ሠላሳ ስምንት ሊትር። አምስት ተኩል ነው ልጄ፤ ፈቀቅ ቢል በጥቂት ነው። ወረቀቱ ነው የዋሸው ወይስ መኪናው?

አሮጊቷ መኪናችን እንኳ አራት ሲሊንደር ብቻ ይዛ፣ አራቱም ተግተው እየሠሩ፣ በሊትር ስምንት ትሄድ ነበር። ትዝ ትልሻለች? ሦስታችንም ጋቢና ውስጥ፤ አንቺ መሐል፤ እኔ ማርሽ ልቀይር ስል አንቺ ሳትነገሪ ጉልበትሽን ወደ እቴቴ ታዞሪ ነበር። እቴቴ ደግሞ የማይዘጋውን መስኮት በአሮጌ ሻርፕ ወትፋ፣ «ስንቴ አስተካክለው ብዬሃለሁ» እያለች መንገዱን ሙሉ ስትነዘንዘኝ። አላስተካከልኩትም። የሚስቴ ንዝነዛ ደስ ይለኝ ነበር።

ስምንት ካንዴላ ላኪልኝ፤ ቢቻል ጥራት ያለው።

አጎትሽ


ኅዳር 3 ቀን

ለተከበሩት ለጋሼ፤

ጤናና ሰላም ከደጅዎ አይለይ። እቴቴን በሁለቱም ጉንጮቿ ይሳሙልኝ፤ ሲስሟት ደግሞ ጢምዎ እንዳይወጋት።

ካንዴላ አልልክም። ጆሮዎ ግን ልክ ነው። ደብዳቤዎን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ እዚህ ያሉ ሰዎች ያን ለውጥ የሚያውቁት በመሣሪያ ነው።

ያ ሞተር እንዲሁ እንዲሆን ተደርጎ ነው የተሠራው። ጭነቱ ቀለል ሲልና መንገዱ ሲስተካከል፣ ኮምፒውተሩ ለአራቱ ሲሊንደሮች ነዳጅ መስጠት ያቆማል፤ ቫልቮቻቸው ይዘጋሉ፤ የቀሩት አራቱ ብቻቸውን ይጎትታሉ። ዳገት ሲመጣ ወይም ነዳጅ ሲረገጥ የተኙት ወዲያው ይነሣሉ። በሽታ አይደለም ጋሼ፤ ዕረፍት ነው። ነዳጅ የሚቆጥበውም በዚያች ዕረፍት ነው።

ወረቀቱ ላይ ያለው ዘጠኝ ከየት እንደመጣም ልንገርዎ፤ ሥራዬ እሱ ነውና። የምሠራበት የመኪና መፈተሻ ክፍል መስኮት የለውም። የመኪናው ጎማዎች ወለሉ ውስጥ በተቀበሩ ተሽከርካሪ ብረቶች ላይ ይቆማሉ፤ ከፊቱ የበር ስፋት ያለው ማራገቢያ አለ። እኔ መሪ ይዤ እቀመጣለሁ። ስክሪን ላይ አንዲት መስመር ትሄዳለች፤ እግሬ የሚከተለው እሷን ብቻ ነው። እውነተኛ ዳገት የለም፣ ጭቃ የለም፣ ድንገት መንገድ የሚያቋርጥ ሰው የለም። ቀኑን ሙሉ ነድቼ አንድ ሜትር አልሄድም። ወረቀቱ አልዋሸም፤ የተለካው ግን እንዲህ ባለ ቦታ ነው። መንገድ ላይ ከዚያ የሚያንስ እንጂ የሚበልጥ ቁጥር እስከ ዛሬ አላየሁም።

ቢሆንም አምስት ተኩል በጣም ወረደ። አንድ ነገር አለ። እንዴት ነው የሚነዱት? እውነቱን ይጻፉልኝ፤ አልቆጣም።

ስለ አሮጊቷ መኪና ያነሡትን ደግሜ አነበብኩት። እናቴ ከሞተች በኋላ እናንተ ቤት ስገባ መጀመሪያ የለመድኩት አልጋዬን አልነበረም፤ ያን ጋቢና ነበር። የሚሸተው ሽታ፣ የቤንዚንና የእንጨት ፍቅፋቂ፣ አሁንም አንዳንዴ ሥራ ላይ ድንገት ይመጣብኛል። ቀና ብዬ ዙሪያዬን እፈልጋለሁ። የለም።

ልጅዎ


ኅዳር 29 ቀን

ለተማረችው ለእህቴ ልጅ፤

የሠራሽው ይቅናሽ፣ የረገጥሽው ይለምልምልሽ። ደብዳቤሽን ለእቴቴ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። ጢሜን ያልሽውን ሦስት ጊዜ አስነብባኛለች።

እውነቱን ይጻፉልኝ ብለሻል። እንግዲህ አፍሬም ቢሆን ልጻፍ። አራቱ ዝም ሲሉ እኔ ነኝ የምቀሰቅሳቸው።

አንቺ «ዕረፍት ነው» ስትዪኝ አምኜሽ ነበር። ሜዳው ላይ ስደርስ ግን እግሬ ከእኔ ፈቃድ ውጭ ይረግጣል። አርባ ዓመት ሙሉ ሲሊንደር ዝም ሲል መጥፎ ዜና ነው ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጆሮዬ እሺ ቢል እግሬ እምቢ አለ። ረገጥ አደርጋለሁ፣ ይነቃሉ፣ ደስ ይለኛል። ለቀቅ አደርጋለሁ፣ ይተኛሉ። እንደገና ረገጥ። አንድ ቀን ብቆጥረው ከከተማው መውጫ እስከ እንጨት መጋዘኑ ድረስ ሠላሳ አንድ ጊዜ ቀስቅሻቸዋለሁ።

በዚያ ላይ ፖርቶመጋላ አሠርቼለታለሁ። የአናጢው መስኮቶች በጣሪያው ብረት ላይ ቆመው እንዲሄዱ ነው፤ ኋላ ሲተኙ መስታወቱ ይሰነጠቃል። አናጢው «አሁን ገና መኪና መሰለ» ብሎኛል። አንቺ ምን እንደምትዪ ስለማውቅ እስከዛሬ አልነገርኩሽም።

እቴቴ ባለፈው አጠገቤ ተቀምጣ ስረግጥ ስለቅቅ አይታ ሳቀችብኝ። እኔንም እንዲህ ነው የምታደርገኝ አለች፤ ትንሽ ዝም ካልኩ ምን ሆንሽ፣ ምን አስቀየምኩሽ እያልክ ትቀሰቅሰኛለህ፤ ሰው ደክሞት ዝም አይልም እንዴ? እውነቷን ነው፤ ቤት ውስጥ ዝምታ ሲበዛ እኔ ኮፈን መክፈት ነው የሚያምረኝ።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ደግሞ ዝምታው በዝቷል። ድሮ ከሥራ ስገባ እናንተ ሁለታችሁ አንድ ነገር ላይ ስትጨቃጨቁ ነበር የማገኛችሁ። የጠብ ዳኛ ሆኜ ነው ራቴን የበላሁት። አሁን ዳኛው ሥራ ፈትቷል።

ካንዴላውን ተዪው። በምትኩ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ወደ እኛ ቋንቋ እየመለስሽ ጥቂት ጥቂት ጻፊልኝ። የምቃወመውን ነገር አንብቤ ልቃወም።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 22 ቀን

ለማይሰማው ለጋሼ፤

ቸር ወሬ ያሰማን። ሠላሳ አንድ ጊዜ የሚለውን ሳነብ የጠጣሁት ሻይ ትን አለኝ።

ፖርቶመጋላውን ይፍቱት። ነፋሱን የሚገትረው እሱ ነው፤ ጭነት ባይኖረውም ነዳጅ ይበላል። ለአናጢው መስኮት ኋላው ላይ ማቆሚያ ይሥሩለት። የጎማውን ነፋስ በየሳምንቱ ይለኩ። ከሰማንያ አይለፉ። ሞተሩ ዝም ሲል ደግሞ እግርዎን ባለበት ይያዙት፤ አይጫኑ፣ አይልቀቁ። ቢቸግርዎ እቴቴ አጠገብዎ ተቀምጣ በሙሉ ብርጭቆ ትኩስ ሻይ የያዘች አድርገው ያስቡ።

አሁን ዋናውን ልንገርዎ። ስለ እርስዎ ለአለቃዬ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ «የዚህን ሰው ደብተር እንፈልገዋለን» አለኝ። የክፍሉ ቁጥርና የመንገዱ ቁጥር ለምን እንደሚለያይ ጥናት እንድጽፍ ፈቀደልኝ። ሰኔ ላይ አቀርባለሁ። እንደሚያውቁት እዚህ የያዙኝ ለሙከራ ነው። ጥናቱ ካማረ ቋሚ ያደርጉኛል። ካላማረ፣ ወይም በሆነ ምክንያት ከሰኔ በፊት ጥዬው ከሄድኩ፣ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ የመኖሪያ ፈቃዴም አብሮ ያበቃል። ይህን እቴቴ እንዳትሰማ ብዬ ነበር፤ ግን እርስዎ ምሥጢር እንደማይችሉ አውቃለሁና ለሁለታችሁም ነገርኩ።

ስለዚህ ቁጥርዎን ይላኩልኝ። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ሊትር፤ ሌላ አያስፈልግም። ከማንም ቁጥር የእርስዎን አምናለሁ። ልጅ ሆኜ ያን ደብተር ለመጫወቻ ስጠይቅዎ «ይህ አይነካም» ይሉኝ የነበረው ትዝ ይለኛል። እዚያ ቤት የማይነካ ነገር እሱ ብቻ ነበር፤ ብዙ ነገር ሰብሬ አንድ ቀን አልተቆጡኝም።

ናፍቃችሁኛል። ምክንያት ሳይኖረው ዝም ብሎ የሚመጣ ናፍቆት አለ፤ ዛሬ እሱ ነው የመጣብኝ።

ልጅዎ


መጋቢት 4 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ቆየሁብሽ፤ ሥራ በዝቶ ነው። ከደብተሬ የገለበጥኩት ይኸው።

ጥር መጀመሪያ፣ ከጭነት ጋር፦ 240 ኪሎ ሜትር፣ 40 ሊትር።
ጥር፣ ፖርቶመጋላው ከተፈታ በኋላ፦ 228 ኪሎ ሜትር፣ 34 ሊትር።
የካቲት፣ ማክሰኞ፦ 94 ኪሎ ሜትር፣ 10 ሊትር ከሩብ።
ዓርብ፦ 94 ኪሎ ሜትር፣ 10 ሊትር።
ማክሰኞ፦ 94 ኪሎ ሜትር፣ 10 ሊትር።
ዓርብ፦ 94 ኪሎ ሜትር፣ 9 ሊትር ከሦስት ሩብ።

ከዚያ ወዲህ ያለውም እንደዚሁ ነው። ምክርሽን ሰምቻለሁ፤ አሁን አልቀሰቅሳቸውም።

እቴቴ ሰላም ብላሻለች። ካልከበደሽ አንገት የሚደግፍ ለስላሳ ትራስና ቀለል ብሎ የሚሞቅ ብርድ ልብስ ላኪልኝ። ለመኪናው ነው።

አጎትሽ


መጋቢት 26 ቀን

ጋሼ፤

እንደምን ሰነበቱ። ከዚህ በላይ ሰላምታ ማሳመር አልቻልኩም፤ ይቅር ይበሉኝ።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ዘለልኩ። ዘጠኝ አልፎ ዘጠኝ ተኩል! ወረቀቱን ይዤ ወደ አለቃዬ ሄድኩ። በእርሳስ ሲያካፍል ቆይቶ፣ ይህ ከእኛ ክፍል ቁጥር ይበልጣል፤ ሰውየው ወይ ተሳስቷል ወይ ዋሽቷል አለኝ። ተቆጣሁ። አጎቴ በቁጥር አይዋሽም አልኩት፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ሌሎቹ ዞር አሉ። እሱም ረጋ ብሎ አስረዳኝ። እንዲህ ያለ ቁጥር የሚወጣው ባዶ መኪና በሜዳ መንገድ፣ ከስልሳ ሳያልፍ፣ መንገዱን ሙሉ አንድም ጊዜ ሳይረገጥ ሲሄድ ነው፤ እንዲህ የሚነዳ ሰው ደግሞ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም አለኝ።

እኔን አጋጥሞኛል። አንድ ቀን ብቻ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴን ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይዘናት ስንሄድ፣ እሷ በበሩ በኩል፣ እቴቴ መሐል፣ እኔ እቴቴ ጭን ላይ። ብስክሌት ቀደመን። ብስክሌተኛው ዞር ብሎ አይቶን ሳቀ። ሌላ ቀን ቢሆን እርስዎ መስኮት ከፍተው የሚሉትን ያሉት ነበር፤ ያን ቀን ነዳጅ እንኳ አልረገጡም። እናቴ «ወንድሜ፣ መኪናህ ዛሬ ምነው እንዲህ ለሰለሰ» አለችዎ። እርስዎ መንገዱን እያዩ «ዘይት ቀይሬለት ነው» አሏት። ዘይት እንዳልቀየሩ አውቅ ነበር፤ ትናንቱን ቀኑን ሙሉ ከእርስዎ ጋር ነበርኩ።

ከቤት እስከዚያ ሆስፒታል በር አርባ ሰባት ኪሎ ሜትር ነው። ቆጣሪውን እያነበብኩ ነበር የሄድኩት፤ ቁጥር ማንበብ የተማርኩት በእሱ ነው። ሁለት ጊዜ አርባ ሰባት ዘጠና አራት ነው።

የእንጨት መጋዘኑ በሌላ በኩል ነው። የአናጢው በርና መስኮት ማክሰኞና ዓርብ እየተባለ አይሄድም። ትራስና ብርድ ልብስም ለመኪና አይገዛም።

ሦስት ጊዜ ደወልኩ። እቴቴ አንስታ «ደህና ነኝ፣ ብርድ እንዳይመታሽ» ብላ ዘጋችብኝ። ስልክ ላይ ሁላችሁም ደህና ናችሁ። ስለዚህ በወረቀት እጠይቅዎታለሁ፤ በወረቀት ይመልሱልኝ። ጋሼ፣ አጠገብዎ የሚቀመጠው ማነው?

ልጅዎ


ሚያዝያ 16 ቀን

ለልጄ፤

እግዚአብሔር ልብሽን ያጽናው። ደብዳቤሽ ከመጣ ሁለት ቀኑ ነው። ሁለቱን ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ።

እቴቴ ናት።

ጥር ላይ ጀርባዬን አለች። እኔም «ልጅቷ ከሄደች ወዲህ ብቻሽን ሁሉን ስለምታነሺ ነው» ብዬ ተቆጣኋት፤ ያ ቁጣ አሁን ያቃጥለኛል። ወስጄ አስመረመርኳት። ነቀርሳ ነው፣ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል አሉ። ማክሰኞና ዓርብ ሕክምና አላት። ሐኪሙ ለእኔ ያዘዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ እንዳትናወጥ፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር ያማታል አለኝ። መድኃኒት የሚያዝ ሰው ለእኔ ይህን አዘዘ፤ ደስ አለኝ፣ ቢያንስ የምችለውን ነው ያዘዘኝ።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ከከተማ እስክንወጣ ከንፈሯን ነክሳ ነበር። ሜዳው ላይ ስንደርስ አራቱ ዝም አሉ። እግሬ እንደ ልማዱ ሊረግጥ ሲል ጎኔን አየሁ፤ እንቅልፍ ወስዷታል። ሳምንት ሙሉ ያልተኛች ሴት ሞተሩ ዝም ሲል ተኛች። እግሬን ባለበት ያዝኩት። አንቺ በደብዳቤ፣ እቴቴ በሳቅ ልታስተዉኝ ያልቻላችሁትን ነገር በዚያች ደቂቃ ተውኩት። ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ ጡሩምባ ነፋብኝ፣ እያለፈም ሰደበኝ። ቅር አላለኝም። እኔም እንደነሱ ያለሁ ጊዜ ስንቱን ቀርፋፋ ሰድቤያለሁ፤ ከጎኑ ማን እንደተኛ አንድ ቀን አላየሁም።

አለቃሽን ያስገረመው ቁጥር እንዲህ ነው የመጣው። በዕድሜዬ እንዲህ ያማረ ቁጥር ጽፌ አላውቅም፤ እንዲህ የጠላሁት ቁጥርም የለም።

ቁጥር ብቻ ብልክ ወሬው ይቀራል ብዬ ነበር። በፊደል መዋሸት እችላለሁ፤ ሥራ በዛ ብዬ ዋሽቻለሁ፣ ለመኪናው ነው ብዬ ዋሽቻለሁ። ደብተሩ ላይ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ዘጠና አራቱን ሰማንያ ላደርገው ብዕር ይዤ ተቀምጬ ነበር። አልሆነልኝም። እናትሽን የወሰድኩበትን መንገድ በቁጥር ታውቂዋለሽ ብዬ ደግሞ አላሰብኩም።

መንገድ ላይ ስትነቃ የድሮውን ነው የምታነሣው። እዚህ ጋ ጎማ ፈንድቶብን ዝናብ ሲመታን ትላለች። እዚህ ጋ ልጅቷ አስመልሷት አዲሱን ቀሚሴን ያበላሸችው ትላለች። ያኔ ተቆጥታ ነበር፤ አሁን ስታወራው የሠርጓን ቀን የምታወራ ነው የሚመስለው። እኔም ያላስተካከልኩትን መስኮት አንሥቼ ይቅርታ ጠየቅኋት። ሳቀች።

እንዳልነግርሽ አስምላኛለች። ሰኔን ትጨርስ፣ ከዚያ ትነግራታለህ አለችኝ፤ ምዬላታለሁ። ሐኪሙን ለብቻው ይዤ ሰኔን ጠየቅሁት። ሰኔ ላይ እንዴት ትሆናለች አልኩት። ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ።

ነይ እንዳልልሽ መሐላው አለብኝ፤ ሥራሽም አለ፣ ከዚያ ወጥተሽ መመለሻ ላይኖርሽ ይችላል። አትምጪ እንዳልልሽ ደግሞ አልችልም። ሌላውን ቁጥር እንደላክሁልሽ ይህንንም ላክሁልሽ፤ አንቺ አካፍዪው።

አጎትሽ


ያው ሚያዝያ 16 ቀን

ልጄ፤

ክፉ አይንካሽ። እሱ ለነገው መንገድ ነዳጅ ሊሞላ ማደያ ሄዷል። ፖስታውን ሳያሽገው ጠረጴዛው ላይ ትቶት ስለሄደ የጻፈውን አንብቤዋለሁ። ዕድሜ ልኩን እሱ ሲጽፍ እኔ ከጎን ሆኜ «ሰላም በልልኝ» ስል ኖርኩ። ዛሬ ራሴ ልጻፍ። ፊደሉ ቢጣመም ከእጄ ነው፣ አእምሮዬ ደህና ነው።

አስምላኛለች ያለው እውነት ነው። ምክንያቱ ግን ጥናትሽ አይደለም፤ ለእሱም አልነገርኩትም። እናትሽ ስትደክም አይተሻታል። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ቀሚሴን ይዘሽ ነበር የምትሄጂው፤ ውኃ ልቅዳ ብዬ ስነሣ እንኳ ትከተዪኝ ነበር። ያን ዓይንሽን ሁለተኛ ማየት ፈራሁ። ጠንካራ ሆኜ እንደሸኘሁሽ እንድታስቢኝ ፈለግሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ባለፈው ዓርብ ስንመለስ መንገድ ላይ ነቃሁ፤ ዓይኔን ግን ሙሉ በሙሉ አልገለጥኩም። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ያለቅሳል። እንባው ጢሙ ላይ ይወርዳል፤ ለመጥረግ እጁን አላነሣም፣ እግሩም ንቅንቅ አላለም። እኔን ላለመቀስቀስ ነው። ያን ሁሉ ማክሰኞና ዓርብ እንዲህ ሲሆን ኖሯል ማለት ነው፤ እኔም እሱ እንዳያውቅ የተኛሁ መስዬ ቤት ደረስኩ። ሁለታችንም አንዳችን ከሌላው ስንደብቅ ጊዜው አለቀ።

ሥራው ቢቀር ሌላ ይገኛል ብዬ አልሸነግልሽም። ላይገኝ ይችላል። ያን ቦታ ለማግኘት ስንት ዓመት እንደለፋሽ አውቃለሁ፤ ደብዳቤሽ ሁሉ ሣጥኔ ውስጥ አለ። እያወቅሁ ነው የምጠይቅሽ። እስከ ዛሬ ምንም ጠይቄሽ አላውቅም።

የመኪናውን ድምፅ በሩ ላይ ሰማሁ፤ መጣ። እሱ ቀስ ብሎ ይንዳ። አንቺ ግን ጨርቄን ማቄን ሳትዪ ነይ። ልይሽ።

እቴቴ